«ባጠብሁት ቁጥር ሽታው ይብሳል»

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ውድ አማካሪያችን፣ ጤና ይስጥልኝ። የ39 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከ12 ዓመት ወንድ ልጄ ጋር እኖራለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እሱ በሕይወት ሳለ በኪራይ የምንኖርበት ቤት ግቢ ነበረውና ለልጃችን አንድ ቡችላ አመጣለት፤ ስሙንም ቡቺ አሉት። ጸጉሩ ረዘም ያለ፣ ጆሮዎቹ ወደ ታች የወረዱ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው ውሻ ነው። ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንገባ ጥለነው ለመምጣት አንጀታችን አልቻለም፤ አሁን ከእኛው ጋር ቤት ውስጥ ይኖራል፤ የሚያድረውም ልጄ አልጋ ሥር ነው።

ችግሬ ሽታው ነው። በበጋው ያን ያህል አይታወቅም ነበር፤ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ የእሱ ጠረን ሆኗል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ፣ በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና አሽቼ አጥበዋለሁ፤ ሽቶም እረጭበታለሁ። በታጠበ ማግስት ግን ሽታው ብሶበት አገኘዋለሁ። ከቆዳው ላይ ፎረፎር የሚመስል ነጭ ነገር መርገፍ ጀምሯል፤ ሌሊት ሌሊትም ጆሮውን እያከከ ራሱን ሲያራግፍ እንቅልፍ ይነሳናል።

በሰኔ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጡ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ስላለ ለነሐሴ መጨረሻ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል፤ እስኪድኑም ከእኔ ጋር ይቆያሉ። አንድም ቀን «ውሻው ይውጣ» ብለውኝ አያውቁም። ባለፈው እሑድ ግን ቡና አፍልቼ ስቀዳላቸው ስኒያቸውን ተቀብለው፣ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው ብቻቸውን ጠጡ። ያን ሳይ ዐፈርኩ፤ ኩሽና ገብቼም አለቀስኩ። አንዲት ጎረቤቴም ስለ ደረጃው ሽታ ነግራኛለች። ሱሉልታ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ግቢው ሰፊ ስለሆነ ውሻውን ሊወስድልኝ ፈቃደኛ ነው። ይህን በስልክ ስነጋገር ልጄ ሰማኝና ይኸው ሦስት ቀን ሆነው፣ ከ«እሺ» እና ከ«አይ» በቀር ቃል አልወጣውም። እናቴን ላክብር ስል ልጄን አስከፋሁ፤ ልጄን ላስደስት ካልኩ ደግሞ እናቴ ይከፋሉ። ምን ይሻለኛል?

የቸገራት እናት

የአማካሪው መልስ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ከልቤ ያልወጣው በረንዳ ላይ ብቻቸውን ቡና የጠጡት እናትዎ ናቸው፤ በሁለተኛው ንባብ ደግሞ እርስዎ እግረ መንገድዎን የጠቀሷት አንዲት ዐረፍተ ነገር ያዘችኝ፤ ይኸውም ውሻው ሌሊት ጆሮውን እያከከ ራሱን ያራግፋል ያሉት ነው። በእኔ ግምት ቤትዎን ያስጨነቀው ሽታ ዋና ምንጭ ምናልባት እዚያ ጆሮ ውስጥ ነው። ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ ከእናትዎና ከልጅዎ አንዱን መምረጥ ግድ የሆነብዎ ቢመስልዎትም፣ መጀመሪያ የሚቀድመው ምርጫ ሳይሆን ሕክምና ነው። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም ውሻ ባለበት ቤት አድጌ፣ ዛሬም ውሻ ባለበት ቤት የምኖር ሰው እንደመሆኔ ይህን ነገር በቅርብ አውቀዋለሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር ልንገርዎት፦ ጥፋቱ የእርስዎ ስንፍና አይደለም። እንዲያውም የደከሙት ከሚገባው በላይ ነው። ጤነኛ ውሻ በአራት ወይም በስድስት ሳምንት አንድ ጊዜ ቢታጠብ ይበቃዋል። የውሻ ቆዳ ራሱን የሚጠብቅበት ስስ የቅባት ሽፋን አለው፤ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና የተሠራው ከጨርቅ ላይ ቅባትን ለማስለቀቅ ነውና ያንን ሽፋን ጠራርጎ ያነሳዋል። የሰው ሻምፑም ቢሆን ለውሻ አይስማማም፤ የሰው ቆዳ ወደ አሲድነት ያደላ፣ በፒኤች መለኪያ 5.5 አካባቢ ሲሆን፣ የውሻ ቆዳ ግን ወደ 7 የተጠጋ ነው። ቆዳው ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ነጭ ነገር ይረግፋል፤ ያሳክከዋል፤ ሲያክም ይቆስላል፤ በቆሰለው ላይ ደግሞ ወትሮም በቆዳው ላይ በጥቂቱ የሚኖሩት ባክቴሪያና እርሾ መሰል ፈንገስ ይራባሉ። ሽታውን የሚያመጡትም እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ «ባጠብሁት ቁጥር ይብሳል» ያሉት ትክክለኛ ትዝብት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ሳሙና ማጠቡን እንዲያቆሙ እለምንዎታለሁ።

አሁን ወደ ጆሮው እንመለስ። የውሻ የጆሮ ቀዳዳ እንደ እኛ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጆሮው ወደ ታች የተንጠለጠለ ከሆነ አየር አይገባውም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ የገባበት ውሃ ደግሞ በዚያ መታጠፊያ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ማላሴዚያ የሚባለው የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ይባዛል። ዛሬ ማታ ልጅዎ የቡቺን አገጭ በእርጋታ ደግፎ ይያዝልዎትና እርስዎ የእጅ ባትሪ አብርተው ጆሮውን ወደ ላይ ገልበጥ ያድርጉት። ጤነኛ ጆሮ ውስጡ ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ እምብዛም አይሸትም። ቀልቶና ሞቆ ካገኙት፣ ቡና አተላ የመሰለ ቡናማ ነገር ካዩበት፣ ጠጋ ብለው ሲያሸቱትም አብሲቱ ያለፈበት ሊጥ የመሰለ የኮመጠጠ ጠረን ከመጣብዎ፣ ምንጩን አገኙት ማለት ነው። መግል ካለው ወይም ሲነኩት ከጮኸ ደግሞ ጊዜ አይስጡት።

ጆሮው ንጹሕ ሆኖ ካገኙትም ፍለጋውን አያቁሙ። ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ጥርሱን ይመልከቱ፤ ከድድ ጋር በተገናኘበት ቦታ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ከሠራ፣ ሽታው ከአፉ ይሆናል፤ ውሻ ደግሞ ገላውን በምላሱ ስለሚልስ የአፉን ጠረን ወደ ጸጉሩ ሁሉ ያዳርሰዋል። እኛ ቤት የደረሰው ይኸው ነበር። አራት ወር ሙሉ ውሻችንን ስናጥብ፣ የሚተኛበትን ስንቀይር፣ ሶፋ ስንፈትግ ከርመን፣ በመጨረሻ ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ከኋላ በኩል የበሰበሰ አንድ መንጋጋ አሳየን። ጥርሱ በተነቀለ በሳምንቱ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ እኛ በጠረኑ ስንማረር እሱ አራት ወር ሙሉ ሕመሙን ችሎ መኖሩ ነው። ከጥርሱ ሌላ፣ ሽታው ዓሣ ዓሣ የሚል ከሆነና ውሻው መቀመጫውን መሬት ለመሬት የሚጎትት ከሆነ፣ በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትናንሽ የጠረን ከረጢቶች ሞልተው ይሆናል፤ እነሱን ሐኪም በቀላሉ ያፈስሳቸዋል። በጣቶቹ መካከልና በብብቱ ያለውንም ቆዳ ገለጥ ገለጥ አድርገው ይዩት፤ እርጥበት የሚደበቀው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ሐኪም ዘንድ መሄዱን እንደ ቅንጦት አይቁጠሩብኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻና ድመት የሚያክሙ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅም የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ሲሄዱ ማከኩ መቼ እንደጀመረ፣ በምን ሳሙና ስንት ጊዜ እንዳጠቡት፣ ምን እንደሚበላ ሳይሸሽጉ ይንገሯቸው። ሐኪሙ ከጆሮው ጥቂት ቆሻሻ በጥጥ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ካየ በኋላ ፈንገስ ይሁን ባክቴሪያ ለይቶ ጠብታ ያዝልዎታል። ጠብታው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ብዙ ሰው ሽታው ሲጠፋለት በአምስተኛው ቀን ያቋርጠውና በወሩ ያው ሕመም ይመለሳል፤ እርስዎ ግን እስከ ታዘዘው ቀን ይጨርሱት። እስከዚያው አልኮል፣ ኮምጣጤ፣ ዘይት ወይም ከሰው የተረፈ የጆሮ ጠብታ በራስዎ አይጨምሩበት፤ የጆሮው ታምቡር ተቀድዶ ከሆነ ለሌላ የሚበጀው መድኃኒት እሱን ሊያደነቁረው ይችላል። የጆሮ መጥረጊያ እንጨትም ቆሻሻውን ወደ መታጠፊያው ከመግፋት በቀር አይረዳም። ቆዳው ላይም ፈንገስ ከተገኘበት ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ያለበት የመድኃኒት ሻምፑ ሊያዝልዎት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሻምፑ አረፋው ገላው ላይ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ካልታጠበ በስተቀር ሥራውን አይሠራም፤ ይህን ከልጅዎ ጋር ሰዓት እያያችሁ ጠብቁ። በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው አልፎ እንደሆነና የሆድ ትላትል መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነም ያስጠይቁ፤ እናትዎና ልጅዎ አብረውት በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸውና ይህ ከሽታውም በላይ ነው።

ክረምቱ ለምን እንዳባሰው ደግሞ ላስረዳዎት። ውሻ ሲረጥብ የሚመጣው ያ የታወቀ ጠረን አዲስ የተፈጠረ ሳይሆን በጸጉሩ ላይ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያወጡት ነገር ነው፤ ውሃው ከጸጉሩ ላይ ሲተን ያንን ይዞ ወደ አየር ይወጣል። በበጋ ፀሐዩ ቶሎ ስለሚያደርቀው ሽታው አይቆይም። በሐምሌ ግን መስኮት ተዘግቶ፣ ልብስ እንኳ ሁለት ቀን ሳይደርቅ በሚውልበት ጊዜ፣ ረጅም ጸጉር ያለው ውሻ ከሥር እንደረጠበ አልጋ ሥር ገብቶ ይተኛል፤ በማግስቱም ምንጣፉም፣ ብርድ ልብሱም፣ እሱም አንድ ዓይነት ይሸታሉ። ስለዚህ በዚህ ወቅት ከማጠቡ ይልቅ ማድረቁ ይበልጣል። ከዝናብ ሲገባ በሩ ላይ ለእሱ ብቻ የተቀመጠ አሮጌ ፎጣ ይኑር፤ መዳፎቹን፣ ሆዱን፣ የጆሮውን ሥር በዚያ ማድረቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሐኪሙ ሲፈቅድና ገላውን የሚያጥቡበት ቀን ሲደርስ፣ ሰማዩ ከፈት ያለበትን ዕለት መርጠው ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠቡት፤ ማታ አይሁን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንደሚኖሩ እገምታለሁ፤ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ውሃ በቁጠባ ከተጠቀሙበት ለቡቺ ዓይነት ውሻ ያደርሳል፤ ግማሹን ግን ለማለቅለቂያ ይተዉት። ውሃው ሕፃን እንደሚታጠብበት ለብ ያለ ይሁን፤ በክንድዎ ይለኩት። ከመታጠቡ በፊት ጸጉሩን በደረቁ ያበጥሩት፤ የተቋጠረ ጸጉር ከረጠበ በኋላ ይበልጥ ይጣበቃልና ሳሙናውንም እርጥበቱንም ውስጡ ይዞ ያስቀራል። ውሻ ገላውን መታጠብ የሚፈራው አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ስለሚያንሸራትተው ነው፤ ሳፋው ወይም የሻወሩ ወለል ላይ አሮጌ ፎጣ አንጥፈው ቢያቆሙት ግማሹ ትግል ይቀርልዎታል።

ጥጥ ቢጤ በጆሮው አፍ ላይ ጣል ያድርጉ፤ ወደ ውስጥ ግን አይጠቅጥቁት፤ ሲጨርሱም ማውጣትዎን አይርሱ። ለውሻ የተሠራውን ሻምፑ በአንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃ አቅጥነው ከአንገቱ ጀምረው ወደ ኋላ በጣቶችዎ ቆዳው ድረስ ያሹት፤ በጥፍር አይፈትጉት። ፊቱን በረጠበ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉለት። ከዚያ ያለቅልቁት፤ አበቃ ብለው ባሰቡ ጊዜም ሌላ ሁለት ሦስት ጆግ ይጨምሩበት። ከሁሉም የሚበዛው ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ በጸጉሩ ሥር የቀረ ሳሙና ያሳክካል፣ አቧራ ይስባል፣ ሽታም ያመጣል። ጣትዎን በጸጉሩ ላይ ሲያንሸራትቱ ማሙለጭለጩ ቀርቶ ጭርቅ ጭርቅ ሲል፣ የሚወርደው ውሃም ሲጠራ፣ ያን ጊዜ በቃ። ከዚያም በአንድ ፎጣ ውሃውን ጨምቀው፣ በሌላ ደረቅ ፎጣ እስከ ሥሩ አድርቀው፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ላይ ከልጅዎ ጋር ያቆዩት። የጸጉር ማድረቂያ ካለዎት በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከርቀት፣ እጅዎን መሐል አድርገው እየለኩ መጠቀም ይችላሉ።

ሽቶውን ይተዉት። ሽታ አያጠፋም፤ ከላይ ይደረባል እንጂ፤ ለእሱ አፍንጫ ደግሞ ሥቃይ ነው፤ ሲልሰውም ወደ ሆዱ ይገባል። «ተፈጥሯዊ ነው» እየተባለ የሚሸጠው፣ ከዛፍ ቅጠል የሚወጣው የቲ ትሪ ዘይትም ለውሻ መርዝ ነው። ቁንጫ ካገኙበት ሐኪሙ የውሻ መድኃኒት ይሰጥዎታል፤ በየሰፈሩ እንደሚመከረው ላምባ መቀባት ወይም የእህል ተባይ መድኃኒት መርጨት ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ሊገድለውም ይችላል፤ ቤቱ ውስጥ ላሉት ሰዎችም አይበጅም።

ስለ ቤቱ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ውሻው ድኖም ሽታው ምንጣፉ ላይ ሊቀር ይችላልና። ከልጅዎ አልጋ ሥር የሚተኛበትን ጨርቅ አውጥተው፣ ሊፈታ የሚችል ልባስ ያለው አንድ መኝታ ያዘጋጁለት፤ ልባሱን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ፣ ማሽን ካለዎትም በ60 ዲግሪ፣ አጥበው በፀሐይ ወይም በካውያ ያድርቁት። ሁለት ልባስ ቢኖርዎ ክረምቱን በእፎይታ ያልፉታል። ሶፋውና ምንጣፉ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በስሱ ነስንሰው ውሻውን ሌላ ክፍል አቆይተው፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በደንብ ይጥረጉት፤ ጠረኑን ይመጥጥልዎታል። ጎረቤትዎ የነገሩዎት የደረጃው ሽታ ግን የሽንት ይመስለኛል፤ ቡቺ ሲወርድ ሳይችል ቀርቶ ጥግ ላይ ሸንቶ ሊሆን ይችላል። በብዛት በረኪና የሚደፉበት ቦታ ይህ ነው፤ አይድፉበት፤ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር ሲቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ሽንቱን በጨርቅ ምጠው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው፣ ኮምጣጤ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለው ይጥረጉት። ቡቺም በማለዳና ከመኝታ በፊት በቋሚ ሰዓት ይውረድ። ለጎረቤትዎ ደግሞ በሯን አንኳኩተው «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ፤ ደረጃውንም እኔ አጥበዋለሁ» ቢሏት፣ ነገሩ ወደ ስብሰባ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። እናትዎ የሚጸየፉት ሽታውን ነው ወይስ ውሻ በቤት ውስጥ መኖሩን? እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእናትዎ ዕድሜና አገር ውሻ የተከበረ የቤት ጠባቂ ነው፤ ቦታው ግን ደጅ ነው፤ ምግብ በሚቀርብበትና ጸሎት በሚደርስበት ክፍል ውስጥ አይገባም። ይህ የኖሩበት ሥርዓት እንጂ ጭካኔ አይደለም፤ ውሻ ጠሉ ሊባሉም አይገባም። ደግሞም በዝምታ ወንበራቸውን ይዘው መውጣታቸው እርስዎን ላለማሳፈር ብለው ይመስለኛል፤ እርስዎ ግን እንደ ተግሣጽ ቆጠሩት። እስኪ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ምናልባትም እሳቸው ጸጉርዎን ሲሠሩልዎ ወይም አብራችሁ ሽንኩርት ስትልጡ፣ «እማዬ፣ እሑድ ዕለት ወጥተው ሲጠጡ ልቤ ተነካ፤ ያስቸገረዎት ሽታው ነው ወይስ ሌላም ነገር አለ?» ብለው ይጠይቋቸው። ሲመልሱም ስለ ልጁ ወይም ስለ ሟች ባለቤትዎ አንስተው አያቋርጧቸው፤ እስኪጨርሱ ይስሟቸው።

መልሳቸው ሽታው ብቻ ከሆነ፣ ጆሮው ሲታከም ነገሩ በሳምንታት ውስጥ ይቀልላል። የውሻው በቤት መኖር ከሆነ ግን ወሰን ማበጀት ያስፈልጋል፤ እኔ እርስዎን ብሆን የእናትዎን መኝታ ክፍልና ማዕድ የሚቀርብበትን ሰዓት ለቡቺ ዝግ አደርገዋለሁ፤ ቡና ሲፈላ እሱ ልጅዎ ክፍል ይሁን፤ በሩ ላይ ዝቅተኛ መከለያ ቢሠራለትም ይለምደዋል። ይህ ለእናትዎ ክብር ብቻ ሳይሆን ለዓይናቸውም ነው፤ የሞራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ባሉት ሳምንታት ዓይናቸው ጸጉርም አቧራም የውሻ ምላስም ሊነካው አይገባም፤ ቡቺን የነካ ሁሉ እጁን ሳይታጠብ ጠብታ ሊጨምርላቸውም አይገባም። እነዚህን ወሰኖች እርስዎ ቀድመው ካበጇቸው፣ እሳቸው መለመን ሳያስፈልጋቸው ተከበሩ ማለት ነው።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ዝምታው ስለ ውሻው ብቻ ነው ብለው ያስባሉ? አባቱ በእጁ ያመጣለት ነገር በስልክ ሲሰጥበት የሰማ የ12 ዓመት ልጅ ነው። በእኔ ግምት እሱ የሰማው «ቡቺ ሊሄድ ነው» የሚል ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ ያለ ነገር ሳይጠየቅና ሳይነገረው ሊጠፋ እንደሚችል ነው፤ ያንን ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ አይቶታል። ስለዚህ «ለጥቂት ቀን ብቻ ነው» የሚል ማባበያ አይንገሩት። «ሳልነግርህ መነጋገሬ ልክ አልነበረም፤ ጨንቆኝ ነው፤ ገና የወሰንኩት ነገር የለም፤ ስወስንም አንተ ሳትኖርበት አይሆንም» ይበሉት። ይቅርታ መጠየቅ ወላጅን በልጁ ዘንድ አያስንቅም። ከዚያ ቀጥሎ ሥራ ይስጡት፦ በየቀኑ ማበጠር፣ ከዝናብ ሲገባ ማድረቅ፣ የጆሮውን ጠብታ ሰዓት መቆጣጠርና በደብተር መጻፍ የእሱ ይሁን። ሐኪም ዘንድም አብሯችሁ ይሂድ፤ ጥያቄም እሱ ይጠይቅ።

ሱሉልታን በሚመለከት ደግሞ፣ የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ አሁን አይስጡት። ጆሮው የታመመ ውሻ ወደ ሰፊ ግቢ ቢሄድም ሕመሙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ጆሮውን የሚገልጥለት ሰው ስለመኖሩም እርግጠኛ አይደለንም፤ ከሰው አልጋ ሥር የኖረ ውሻ በክረምት ብርድ ሰንሰለት ላይ ቢውል የሚደርስበትን እርስዎም ያውቁታል። ለአጎትዎ ልጅ አመስግነው እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ እንዲታገሥዎ ይንገሩት። ሕክምናውንም ወሰኑንም ሞክረው፣ ያኔም እናትዎ በቤትዎ ውስጥ ምቾት ካላገኙ፣ ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ ትነጋገራላችሁ። ያን ጊዜ መስጠቱ ግድ ቢሆን እንኳ ቡቺ ድኖ፣ ክትባቱን ወስዶ፣ ልጅዎ እስከ ሱሉልታ አድርሶት፣ የሚተኛበትን በዓይኑ አይቶ፣ በየስንት ጊዜው ሄዶ እንደሚያየው ከዘመድዎ ጋር ተነጋግሮ ይሁን። እናትዎ አገግመው ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ ቡቺን መልሶ መውሰድ ይቻል እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ይህ ሁለቱንም ወገን ሊያሳርፍ የሚችል መንገድ ስለሆነ ዘመድዎ እሺ ቢልዎ ለልጅዎ ያኔውኑ ይንገሩት።

ለዚህ ሳምንት ግን ከዛሬ ማታው የጆሮ ምርመራ ይጀምሩ። ያዩትን፣ ሐኪሙ ያለዎትን፣ እናትዎም የመለሱልዎትን ቢጽፉልኝ በደስታ አነባለሁ፤ ለእናትዎ ዓይንም እግዚአብሔር ፈውሱን ያቅርብልዎት።